ዘጠና አራተኛውን ገጽ ፍለጋ ቦንጋ ድረስ

ወደ ቦንጋ የሄድኩት ተናድጄ ነው፤ የተመለስኩትም ተናድጄ ነው። ልዩነቱ፣ ስሄድ የተናደድኩት በሌላ ሰው ላይ መሆኑ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ይህን ስጽፍ፣ ያንን አገር አይታችሁ ለማታውቁት መንገዱንም፣ ማደሪያውንም፣ ያበሉኝንም ልነግራችሁ አስቤያለሁ። የራሴንም ጉድ አልደብቅም።

የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ጠመኔ ከጨበጥኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቦንጋ ላይ አንዲት ተማሪ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፏን ስለምታቀርብ የውጭ ፈታኝ ሁን ተብዬ ተጋበዝኩ። ዘነበች ኃይሌ ትባላለች። ከቦንጋም የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ባለችው ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ዲግሪውን የምትማረው በክረምት በክረምት ነው። ጊዜዋ አንድ ጊዜ ተራዝሞላታል፤ ሁለተኛ አይራዘምም። ሰኞ ካላለፈች የእነዚያ ሁሉ ክረምቶች ድካም ውሃ በላው ማለት ነው። እኔም እንዳታልፍ ላደርግ ነበር የምሄደው።

ለምን ብትሉ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን፣ ጠይቀውት የሚመልሰውን የኮምፒውተር መሣሪያ ተጠቅማ ሁለት የሥነ ፈለክ ንድፈ ሐሳቦችን «መዝናለች» ተባልኩ። ደሜ ፈላ። ሰው ዕድሜውን የፈጀበትን ጥያቄ ለማሽን ዳኝነት መስጠት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ለሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው «ደካ ሆኖ ደግሞ ምን ጋላክሲ ይታያል?» ብሎ ቀለደ። እኔም ሳቅኩ። ይህን ሳቅ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አርብ

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የምንነሳው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ቢሉኝም፣ በርግጥ የተነሳነው አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። እኛ ዘንድ ሹፌር ሲዘገይ ብርድ ነው ይባላል፤ እዚህ ምን እንደሚባል ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የኮረሪማ ነጋዴ ነበር፤ ልብሱ፣ ፌስታሉ፣ ትንፋሹ ሳይቀር ኮረሪማ ይሸታል። ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን ጥራዝ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

እንደ ወትሮዬ ማስተማር ጀመርኩ። ጋላክሲ ማለት በስበት ተይዞ አብሮ የሚዞር የከዋክብት ክምችት ነው አልኩት። ዳር ዳር ያሉት ከዋክብት ግን እጅግ ፈጥነው ይዞራሉ፤ የምናየው ቁስ ስበት ብቻ ቢሆን የያዛቸው ተፈናጥረው በሄዱ ነበር። አልሄዱም። አንዱ ወገን «የማናየው ሌላ ቁስ አለ፤ የያዛቸው እሱ ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ምንም የተደበቀ ነገር የለም፤ መስተካከል ያለበት የስበት ሕጋችን ነው» ይላል።

«እና ልጅቷ ማን አሸነፈ አለች?» አለኝ ነጋዴው።

«ማንም አላሸነፈም ነው የምትለው።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ጻፈችው?»

ይህ ሰው በጣም ደስ አለኝ። ወልቂጤ ላይ ቁርሱን እኔ ካልከፈልኩ ብዬ ተጣላሁት። ጊቤን ስንወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤ እንደኔ ከደጋ ለወጣ ሰው ያ ቁልቁለት መጋገሪያ ነው። ጥራዙን እንደ ማራገቢያ ተጠቀምኩበት፤ ጅማ እስክንደርስ ድረስ የሰጠኝ አገልግሎት ይኸው ብቻ ነበር።

ጅማ ያደርኩበት ሆቴል ውሃ አልነበረውም። እንግዳ ተቀባይዋ ከጎረቤት ሁለት ባልዲ ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝና «የረጋ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ ይቅርታ» አለችኝ። እጄን ብከተው ለብ ያለ ነው። ደብረ ብርሃን በጥር ፊቷን ብትታጠብ ቀዝቃዛ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ቅዳሜ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚኒባስ ነው። ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ወንዝ ስንወርድ የኋላው ጎማ ፈነዳ፤ ጎማው ተቀይሮ ሳያልቅ ደግሞ ዝናቡ መጣ። የእኛ አገር ዝናብ ከሩቅ እየዛተ ነው የሚመጣው፤ የካፋው ግን ሳይጠይቅ ይገባል። ሻንጣዬ ጣሪያው ላይ ተጭኖ ነበር። እየጮህኩ ልወጣ ስል አንዲት ጊምቦ የምትወርድ ሴት የራሷን በቆሎ የሸፈነችበትን ላስቲክ ገፍፋ ለሻንጣዬ አለበሰችው።

«በቆሎዬ ይደርቃል። ያንተ ወረቀት መሰለኝ፣ ወረቀት አይደርቅም» አለችኝ። አማርኛዋ እያነከሰ ነው የሚሄደው፤ ነገሯ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ደስ ከማለት ይልቅ አፈርኩ። ላልተነበበ ወረቀት ብላ በቆሎዋን አስመታች። አዎ፣ ላልተነበበ። ስለዚህ ነገር ጥቂት ታገሱኝ።

ቦንጋ እንደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ አይደለችም፤ ሁሉም ነገር ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ባጃጆቹ ዳገቱን ሲወጡ ያቃስታሉ፤ ከአንዱ ጉብታ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው ጫካው ይጀምራል። እኛ ዘንድ ዛፍ ማለት ባህር ዛፍ ነው፤ በሰልፍ ነው የሚቆመው። እዚህ ሰልፍ የለም።

ያረፍኩት እትዬ ሩቅያ የሚባሉ ሴት ፔንስዮን ውስጥ ነው። ቤተሰቦቻቸው ድሮ ከወልቂጤ አካባቢ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ፎቁ ማደሪያ፣ ምድር ቤቱ ባለቤታቸው የሚሠሩበት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነው። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልኝ። እንጀራ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ «ከእንጀራ አገር መጥተው እንጀራ ይጠይቃሉ? ለምን መጡ ታዲያ?» ብለው አሾፉብኝ። ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ፤ ሦስቱንም በላሁ።

«መምህር ነዎት አሉኝ» አሉ ውሃ እየቀዱልኝ። «እንግዲያው ይፍረዱን። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት መምህርት ከደካ መጣች። ቀኑን ሙሉ በዚያ መንገድ ተንገላታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። 'ገጾቼን አጥፍታችሁብኛል' ብላ ባለቤቴ ላይ ጮኸች።»

«የምን ገጾች?»

«የመመረቂያዋ ነዋ። እኛ የተየብነው ሰማንያ አንድ ገጽ ነው። እሷ ደግሞ 'ዘጠና አራተኛ ገጽ አለ፣ አምስተኛ ምዕራፍ አለ፤ ትልቅ ዶክተር አንብቦ ስህተት አግኝቶበታል' አለች። ባለቤቴ ከነጉንፋኑ ሦስት ቀን ኮምፒውተሩን በረበረ። ፍላሹን፣ የተበላሸ ወረቀት የምንጥልበትን ጆንያ ሳይቀር ዘረገፈ። የለም!»

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀሰች። 'በቃ እኔ ነኝ የረሳሁት። ራሴ የጻፍኩትን እንዴት አላስታውስም?' አለች። አእምሮዋን ተጠራጠረች እኮ፣ ጋሼ! አሁን ይህን ማን ነው አጥፊው? እኛ ነን ወይስ እሷ?»

እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ጥራዙን ከሻንጣዬ አውጥቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ሰማንያ አንድ። ምዕራፎቹን ቆጠርኩ። አራት።

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ሪፖርቴን ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር የላክሁት። ጽሑፉ በኢሜይል ሲደርሰኝ መግቢያውንና መደምደሚያውን ብቻ ገረፍ ገረፍ አድርጌ፣ ጠቅላላውን ለዚያው እሷን ልጥልበት ላሰብኩት መሣሪያ ሰጠሁትና አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ይህ ጽሑፍ መደምደሚያ የለውም፤ ድክመቶቹን ዘርዝርልኝ።» ዘረዘረልኝ። ከነገጹ፣ ከነምዕራፉ፣ በተጠረበ ቋንቋ። «በምዕራፍ አምስት፣ ገጽ ዘጠና አራት ላይ ያለው ስሌት መሠረታዊ ስህተት አለበት» ይላል። ወደ አማርኛ መለስኩት፣ ስሜን ጻፍኩበት፣ ፈረምኩ። መጨረሻው ላይም ከራሴ ጨምሬ፣ ተማሪዋ ከመሣሪያው ጋር ያደረገችውን ምልልስ በሙሉ አትማ እንድታቀርብ አዘዝኩ።

ማሽን ተጠቀምሽ ብዬ ልጥላት በማሽን ጻፍኩባት። ከዚህ የበለጠ ወራዳ ነገር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መሥራቴን አላስታውስም፤ ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ደሞዙን ነበር የማስቆርጠው።

እሑድ

ጧት ሙሉ ዘነበ፤ እኔም ጧት ሙሉ አነበብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ልጅቷ መሣሪያውን ዳኛ አላደረገችውም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ራሱን መሣሪያውን ፈትናዋለች። «እኔ የማይታየው ቁስ ደጋፊ ነኝ፤ የሌላውን ወገን ድክመት ዘርዝርልኝ» አለችው፤ ዘረዘረላት። ሌላ ቀን፣ ኔትወርክ ሲመጣላት፣ «የስበት ሕጉ ይስተካከል ባይ ነኝ» ብላ ገባች፤ ግልብጥ ብሎ ዘረዘረላት። ሁለቱንም ጊዜ እርግጠኛ ነበር። ከጠቀሰላት ማስረጃዎች መካከል ጨርሶ የሌሉም ነበሩበት፤ አንድ በአንድ ፈልጋ ያጣቻቸውን ለይታ አስፍራለች። «መሣሪያው ጠያቂው ወዳዘነበለበት ያዘነብላል፤ ድክመት ፈልግ ሲሉት ባይኖርም ይፈጥራል» ትላለች። እኔ ምን እንደምሠራ፣ ሳልሠራው አስቀድማ ጽፋዋለች። አላነበብኩትም እንጂ።

ሦስተኛው ምዕራፍ መድኃኒቱ ነው። መሣሪያውን በሁለት መስኮት ከፍታ ለየንድፈ ሐሳቡ ጠበቃ አደረገችው። የትኛውም ጠበቃ የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ «ሞላ» እስኪል ድረስ መናገር አለበት። ሞልቷል አልሞላም የሚለውን የሚወስነው ግን መሣሪያው አይደለም፤ እሷ ናት፣ የየወገኑን ሊቃውንት የራሳቸውን ጽሑፍ መስመር በመስመር እያመሳከረች። ከሥሩ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ይህን ዘዴ የተማርኩት ከአባቴ ነው።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

አራተኛው ምዕራፍ ሁለቱም ወገኖች የሚያፍሩበትን ያወጣል። የማይታየው ቁስ እስከ ዛሬ በአንድም መሣሪያ አልተያዘም። የተስተካከለው የስበት ሕግ ደግሞ ብዙ ጋላክሲዎች በአንድነት በተሰባሰቡበት ቦታ ሲደርስ ሒሳቡ አይመጣም። ከዚያ ወደፊት ምን ቢታይ የትኛው እንደሚወድቅ ትጽፋለች። እኔ «መደምደሚያ የለውም» ያልኩት ይህንን ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ አባራና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታምሩ የቡና መገኛ የሚባለውን የማንኪራን ጫካ ላሳይዎት ብሎ መጣ። ሰው አክባሪ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወድ ወጣት ነው። መኪናው እስከሚሄድበት ሄድን፤ የቀረውን በእግር። ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ በቂጤ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ጊዜ አንድ መንገደኛ ምርኩዙን ሰጠኝና የራሱን ከጫካ ቆርጦ ሄደ። ቡናው ዛፎቹ ሥር ማንም ሳይተክለው እንደበቀለ ሆኖ ቆሟል፤ ዛፎቹ ላይ ደግሞ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። አንዱን ዛፍ ቀና ብዬ ሳይ ባርኔጣዬ ወደቀ።

የገባንበት ቤት ባለቤት ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ ሽማግሌ ንብ አርቢ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የቀረሮ ዛፍ ተጣልተው ቆመዋል፤ አንዱ ዛፉ የአባቴ ነው፣ ሌላው ቀፎ የሰቀልኩበት በፈቃድ ነው ይላል። ሰላምታ ተሰጥቶን እንጨት ላይ ተቀመጥን። ንግግሩ በካፊኖኖ ስለሆነ ዶክተር ታምሩ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

«አሁን የሚናገረው ቀፎ የሰቀለው ነው» አለኝ። «ግን የራሱን አይደለም፤ የዚያኛውን ነው የሚናገረው። 'አባትህ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሏል፣ አንተም ከሱ ጋር ወጥተህበታል' እያለ።»

ያኛው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ኃይሌ አንድ ቃል ጠየቁት።

«'ሞላ ወይ?' ነው ያሉት» አለኝ ታምሩ። «'አልሞላም፣ አንድ ነገር ቀረ፤ አባቴ የወደቀው ከዚያ ዛፍ ላይ ነው' አለ። አሁን ያንንም ጨምሮ እንደገና ይናገራል። ጋሽ ኃይሌ እንዲህ ካልሆነ ነገር አያዩም። የራሳቸው ሥርዓት ነው።»

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ኃይሌ። ዘነበች ኃይሌ። ታምሩን ክንዱን ይዤ ከአጥሩ ውጭ አወጣሁት።

«የአባቷ ቤት ነው ያመጡኝ? በፈተናው ዋዜማ? ማር አብልተው ልቤን ሊያራሩ ነው?»

«ኧረ በፈጠረዎት፣ ዶክተር! ማንኪራ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚገባው እሳቸው ቤት ነው። ሌላ ቤት ብወስድዎት ነገ ከተማው ሁሉ 'ለምን ሸሹ' ይላል። እርስዎ ማን እንደሆኑ አልነገርኳቸውም።»

ተመለስን። የዛፉ ነገር በዚያ ቀን አላለቀም፤ ሁለቱም «ሞላ» ቢባባሉም፣ ዴቻ የሄደ አንድ የዓይን ምስክር እስኪመለስ ይቆይ ተባለ። ማንም አላሸነፈም። ማንም ግን አልተናደደም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ማር በሉ። ለእኔም በቅጠል ላይ ተሰጠኝ።

«ልጄ ደካ ትኖራለች» አሉኝ ጋሽ ኃይሌ ቀስ ባለ አማርኛ። «መምህርት ናት። ነገ ትፈተናለች። ከሩቅ አንድ ዶክተር ይመጣል አለች።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው አለች?» አልኳቸው፤ ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«በጣም ያነበበ ነው አለች። የሷን ጽሑፍ ከሷ በላይ ያውቃል። እሷ የረሳችውን እሱ አግኝቷል።»

ማሩን ከነቅጠሉ አስቀመጥኩት። እዚያው እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ስንወጣም ታምሩ አጠገቤ እየሄደ ስለ ጫካው ሲያስረዳኝ እኔ ራሴን እሰድብ ነበር።

ሰኞ

ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ ስገባ ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰሩ ሦስት ወፋፍራም ክምሮች አየሁ፤ ያዘዝኩት ምልልስ ነው። እትዬ ሩቅያ ቤት ነው የታተመው። ሲባጎው ግን አልተፈታም፤ ማንም አልገለጠውም።

ዘነበች አጭር፣ ቀጭን፣ ጠመኔ የነካው ኮት የለበሰች ሴት ናት። ወደ ፊት ከመውጣቷ በፊት ወደኔ መጥታ ጎንበስ አለች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘጠና አራተኛውን ገጽ አላገኘሁትም። ብዙ ፈለግሁ።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን!

ጽሑፏን አቀረበች። ስትጨርስ ዶክተር ታምሩ «የውጭ ፈታኛችን ሪፖርታቸውን ያነቡልናል» አለ።

«ሪፖርቱን አላነብም» አልኩ ተነስቼ። «መጀመሪያ የእሷን ልናገር።»

ከዚያም የራሴን ቃል ሳልጨምር የዘነበችን ሥራ ተናገርኩ። ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች፣ መሣሪያው ወደ ጠያቂው ማዘንበሉን፣ ሁለቱን ጠበቆች፣ የየወገኑን እፍረት፣ ወደፊት ምን ቢታይ ማን እንደሚወድቅ። ስጨርስ ወደሷ ዞሬ «ሞላ?» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። የአባቷን ቃል ከእኔ አፍ አልጠበቀችውም። ከዚያ ቀና ብላ «አልሞላም» አለች። «አንድ ነገር ቀረ። የፈተንኩት መሣሪያውን ብቻ አይደለም፣ ራሴንም ነው። ስጀምር የማይታየው ቁስ ደጋፊ ነበርኩ። የራሴን ማዘንበል የምዕራፍ ሁለት መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ልክ ናት፤ ዘልዬዋለሁ። ያንንም ጨምሬ እንደገና ተናገርኩ።

«አሁን ሞላ» አለች።

ከዚያ ከኪሴ አንድ ወረቀት አወጣሁ። ጧት እትዬ ሩቅያ ቤት ያሳተምኩት ነው፤ ላዩ ላይ ያለችው ያቺ መሣሪያውን የጠየቅሁበት አንድ መስመር ብቻ ናት። በሦስቱ ክምር ላይ አስቀመጥኩት። «የእኔ ምልልስ ይኸው። ዘጠና አራተኛ ገጽ የለም፣ አምስተኛ ምዕራፍም የለም። ጽሑፏን ያነበብኩት ትናንት ነው» አልኩ።

ዶክተር ታምሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የ... የትየባ ስህተት ነው ብለን ቃለ ጉባኤ ላይ ብናሰፍረውስ?»

«የምን ትየባ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «እሷ መሣሪያ ተጠቀምሽ ተብላ ሦስት ክምር ወረቀት እንድታመጣ ትገደድ፣ የእኔ ትየባ ይባል? በእኔ ፊርማ የራሷን አእምሮ እስክትጠራጠር ድረስ አልቅሳለች! እንዳለ ይጻፍ፤ ከጽሑፏ ጋር አብሮ ይያዝ።» እጄ እስካሁን ያመኛል። የተናደድኩበት ታምሩ እንዳልሆነ እሱም ያወቀ መሰለኝ፤ ቀስ ብሎ እንዳልኩት ጻፈ።

ውጤቱን ለምትጠብቁ፣ አልፋለች። በከፍተኛ ውጤት። ምሳ ግብዣው ላይ ሁሉም ሰው እየመጣ ትከሻዬን እየመታ «ጀግና ነዎት» አለኝ። ያነበበችው ትመሰገናለች ብዬ ስጠብቅ ያላነበበው ተመሰገነ። ምግቡን ትቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ጧት ወደ ጅማ የምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ሳለ እትዬ ሩቅያ ለመንገድ ያሰሩልኝን ቆጮ በመስኮት አቀበሉኝ። ከኋላቸው ዘነበች ቆማለች፤ በእጇ ማር የሞላች ትንሽ ጀሪካን ይዛለች። ወረድኩ።

«አባቴ ልኮልዎት ነው» አለች። ግን አልሰጠችኝም። «የትናንቱ ግማሽ ነው የተፈጸመው፣ ዶክተር። እርስዎ የእኔን ተናግረዋል። እኔ የእርስዎን አልተናገርኩም። አባቴ እንዲህ ሆኖ ነገር አይዘጋም ይላል።»

«ተናገሪ» አልኳት።

አሰበች። «እርስዎ ትልቅ መምህር ነዎት። የስንቱ ተማሪ ወረቀት ይከመርብዎታል። ጊዜ አልነበረዎትም። መሣሪያው ደግሞ ሲናገር እርግጠኛ ሆኖ ነው፤ እኔንም በመጀመሪያው ክረምት አታልሎኛል። ስለዚህ አመኑት። ሞላ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ሞላ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ከራሴ ይልቅ አሳምራ ነው የተናገረችልኝ። ረዳቱ በሩን እየመታ ግቡ ይላል፣ እትዬ ሩቅያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያዩኛል። ያኔ ያ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ ባልደረባዬ ስለ ደካ ቀልዶ የሳቅኩት።

«አልሞላም» አልኳት። «አንድ ነገር ቀረ። ጊዜ ነበረኝ። ያላነበብኩት ከደካ የመጣ ስለሆነ ነው።»

ፈገግ አላለችም።

«አሁን ሞላ» አለችና ጀሪካኑን በእጄ ላይ አስቀመጠችው።